ቁጥር 7 የት ገባች?

ሦስት ነን። ሁለታችን አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን፣ ስለ ላም የምናውቀው ወተቷ በላስቲክ ታሽጎ ሱቅ እንደሚሸጥ ብቻ ነው። ሦስተኛችን የማታር ልጅ ነው። ማታር የት ነው ለምትሉ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ጋምቤላ ከተማን ታገኛላችሁ። ደረስን ብላችሁ ሻንጣ እንዳታወርዱ፤ ገና ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር ትቀጥላላችሁ። ማታር እዚያ፣ ኑዌር ዞን ውስጥ ናት። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ «እኛ» ስንል ሦስታችንንም ማለታችን ነው። ስህተቱን የሠራነው ሁለታችን ብንሆንም ወቀሳውን ለሦስት ተካፍለነዋል። (ጓደኝነት እንዲህ ነው!)

ነገሩ የጀመረው በ22 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። የጓደኛችን የአክስቱ ልጅ ማታር አቅራቢያ፣ አመሻሽ ላይ ከብቶች ከግጦሽ ሲመለሱ በስልኩ ይቀርጻል። መጀመሪያ በቴሌግራም ላከው፤ ተጨምቆ ተጨምቆ ሲደርሰን ላሙና ጉቶው የማይለይ ሆነ። ቆይቶ ሰው ሲመጣ በሚሞሪ ካርድ አስያዘልን። ምስሉ ቆንጆ ነበር፦ ልትጠልቅ የደረሰች ፀሐይ፣ ትንኝ ለማባረር የሚነድ የኩበት ጭስ፣ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ከብቶች፣ ከኋላቸው ዱላውን በትከሻው አግድሞ የሚሄድ አንድ ልጅ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ደስ ሲል!» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ኮምፒውተር ነክ ነገር የተማርን ነንና ዝም ብሎ ማየት አልሆነልንም። «ለምን ማሽን አይቆጥራቸውም?» አልን። ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንንገራችሁ፤ አትሰላቹ፣ ቶሎ እንጨርሳለን።

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚገላበጡ ፎቶዎች ክምር ነው። የኛው በሰከንድ 30 ፎቶ ነበረው፤ በ22 ሰከንድ 660 ፎቶ መሆኑ ነው። ለኮምፒውተር እያንዳንዱ ፎቶ ላም የለበትም፣ ጭስ የለበትም፤ የቁጥሮች ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል። አንደኛው፣ በፎቶው ላይ ካሉት ነጥቦች የትኞቹ የየትኛዋ ላም አካል እንደሆኑ ለይቶ በዙሪያዋ ድንበር ማበጀት ነው። ባለሙያዎቹ ሴግመንቴሽን ይሉታል። ሁለተኛው፣ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለችውና በ300ኛው ፎቶ ላይ ያለችው ላም አንድ መሆናቸውን ማወቅ ነው። ይሄኛው ትራኪንግ ይባላል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን የት አለ?» ሲሆን ሁለተኛው «ማን ናት?» ነው። ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ይከብዳል።

ይህን የሚሠራው ኒውራል ኔትወርክ የሚባለው ነገር ነው። «ላም አራት እግርና ሁለት ቀንድ አላት» ብሎ ሕግ የሚነግረው የለም። ሰዎች በእጃቸው ድንበር ያበጁላቸውን እጅግ ብዙ ፎቶዎች ያሳዩታል፤ ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ስህተቱ ይለካል፣ ውስጡ ያሉት ሚሊዮን ቁጥሮች በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ደግሞ ይገምታል። እንደ ልጅ ነው እንዳንላችሁ፣ ልጅ ላም ለማወቅ ሁለት ላም ይበቃዋል።

ችግሩ ይህን ለማስኬድ የሚሆን ጠንካራ ኮምፒውተር የለንም። ስለዚህ ከጎግል ኮላብ በነፃ የሚሰጠውን ማሽን እንዋሳለን፤ ማለትም ክላውድ ላይ እንሠራለን። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለኛ ሳይሆን አይቀርም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሰማይ ላይ ያሉት ላሞቻችን ሁሉ ይበተናሉ።

ፍየል የሌለበት ዓለም

መጀመሪያ የሞከርነው ዮሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታናናሾች ያፈራ፣ ነገሮችን በፍጥነት ለይቶ በሳጥን የሚከብብ ሞዴል ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ «አንዴ ብቻ ነው የምታየው» ለሚለው ምሕጻረ ቃል ነው። ብዙዎቹ የዮሎ ሞዴሎች የሚሠለጥኑት ኮኮ በተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የፎቶ ስብስብ ነው። በውስጡ 80 ዓይነት ነገር አለ። ዝርዝሩን አንድ ቀን ከቡና ጋር አነበብነው። ፍሪስቢ አለ። ስኖውቦርድ አለ። ሆትዶግ አለ። ፀጉር ማድረቂያ አለ። ላም፣ በግ፣ ፈረስ፣ ዝሆን አሉ። ፍየል የለም። አህያ የለም። ግመል የለም።

እንግዲህ በማታር ሜዳ ላይ በስኖውቦርድ የሚንሸራተት ሰው ብቅ ቢል ማሽኑ ወዲያው ያውቀዋል። ፍየል ብትመጣ ግን ወይ በግ ናት ወይ ውሻ ብሎ ያልፋታል። እኛ ሳቅን። ማታሬው ጓደኛችን አልሳቀም። «ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች የሚያዩትን ነው የጻፉት» አለ። ምን ይባላል? እውነቱን ነው።

ያም ሆነ ይህ ላም ስላለ ቀጠልን። ማሽኑ ከብቶቹን በሳጥን ከበበ፤ ከዮሎ ጋር አብሮ የሚሠራው ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጠ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በዚህ ፎቶ ላይ ያለው ሳጥን በሚቀጥለው ፎቶ የት ሊሆን እንደሚችል ይገምታል፣ እዚያ አካባቢ ሳጥን ካገኘ «ያው ነው» ብሎ ቁጥሩን ያስተላልፋል። እናላችሁ፣ ቁጥር 7 የተባለችው ቀይ ላም እየተራመደች ጭስ ውስጥ ገባች። ከጭሱ ስትወጣ ቁጥር 24 ሆነች። ቪዲዮው ሲያልቅ ማሽኑ 31 ከብት አለ አለን። በዓይናችን ብንቆጥር አንዴ 18፣ አንዴ 20 መጣልን። (ከማሽኑ ብዙም አልተሻልንም።)

ቀጥለን ወደ ሳም 2 ዞርን። የፌስቡክ እናት ኩባንያ ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ሳም የተባለ፣ በ11 ሚሊዮን ፎቶዎች የሠለጠነ ድንበር አበጅ ሞዴል አውጥቶ ነበር። በሐምሌ 2024 መጨረሻ፣ ያው በፈረንጆቹ፣ ለቪዲዮ የሚሆነው ሳም 2 ተከተለ። ከ47 አገሮች የተሰበሰቡ 51,000 ገደማ ቪዲዮዎች ታይተውለታል። አጠቃቀሙ ያስገርማል፦ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ አንዷን ላም አንዴ ትነካላችሁ፤ እሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀለም ቀብቶ እስከ መጨረሻው ይከተላታል። ስሟን አይጠይቅም፣ ላም መሆኗንም ማወቅ አያስፈልገውም። ያለፉትን ጥቂት ፎቶዎች በማስታወሻው እየያዘ «ቅድም ያየኋት የቷ ነበረች?» እያለ ያዛምዳል።

ቁጥር 7ን ነካናት። ሰማያዊ ቀለም ለበሰች። ጭሱ ውስጥ ገባች፣ ቀለሙ ጠፋ። ትንፋሻችንን ያዝን። ከጭሱ ማዶ ቀይ ላም ብቅ አለች፤ ሰማያዊው ቀለም መጥቶ ላይዋ ላይ አረፈ። ጨበጨብን። ቡና አዘዝን።

«ይቺ አይደለችም»

በዚያው ሰሞን የጓደኛችን አጎት ለጉልበታቸው ሕክምና ከማታር መጡ። ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ያረፉት እሱ ተከራይቶ የሚኖርባት ክፍል ነው። አንድ ማታ ልንጠይቃቸው ሄደን፣ ላፕቶፓችንን ከፍተን ሰማያዊዋን ላም አሳየናቸው። እውነት ለመናገር፣ እንዲያደንቁን ነበር።

አንዴ አዩ። «ድገመው» አሉ። ደገምነው።

«ይቺ አይደለችም።»

«የቷ?»

«ቀዩዋ። የገባችው ሌላ፣ የወጣችው ሌላ።»

«በምን አወቁ?» አልናቸው። ገርሟቸው እርስ በርሳችን እያፈራረቁ ተመለከቱን። «ልጆቼ፣ እናንተ ሦስታችሁ ጭስ ውስጥ ገብታችሁ ብትወጡ፣ የቱ የትኛው እንደሆነ ግራ የሚገባኝ ይመስላችኋል?»

ከዚያ በኑዌርኛ እየነገሩት ጓደኛችን ተረጎመልን። የገባችው ላም የግራ ቀንዷ ወደ ፊት ዘመም ይላል። ሁለቱም «ቀይ» የምንላቸው ለኛ ነው እንጂ ቀለማቸው አንድ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የገባችው የዚያች የነጭዋ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ቀድማ አትሄድም። ከጭሱ የወጣችው ግን ነጭዋን ቀድማ ነው የወጣችው። ስለዚህ እሷ ልትሆን አትችልም። ከብቶቹ በጠቅላላው 19 ናቸው። ሁሉንም በየስማቸው ጠሩልን።

እኛ ላም ስንገልጽ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ ብለን ያልቅብናል። አያቶቻችን ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦቃ፣ ጎዳ ይሉ ነበር፤ እኛ ጋ ሲደርስ ተራገፈ። ኑዌሮች ዘንድ ግን አልተራገፈም። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌሮች በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ አሥር ዋና ዋና የከብት ቀለም ስሞችን መዝግቧል፦ ነጩ ቦር፣ ጥቁሩ ቻር፣ ቀዩ ሉዋል እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ከነጥብና ከመስመር አቀማመጥ ጋር ሲጣመሩ፣ የቀንድ ቅርጽ ሲታከልባቸው፣ ስሞቹ መቶዎች ይሆናሉ። ወጣቶች በሚወዱት በሬ ስም ይጠራሉ። ማሽኖቹ ዛሬ የሚታገሉበትን «ይቺ ያቺ ናት ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የማታር እረኞች ቋንቋቸው ውስጥ መልሰውት ኖረዋል።

ቪዲዮውን ልንዘጋ ስንል አጎትየው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። የመጀመሪያው፣ የዮሎው ቪዲዮ ነበር የተከፈተው።

«ይሄ ልጁ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

አየነው። ከከብቶቹ ኋላ የሚሄደው ልጅ በሳጥን ተከቧል። ከላዩ ላይ 11 ይላል። ማሽኑን ላም ብቻ ፈልግ አላልነውም ነበር፤ ሰውም በዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ከብቦት ቁጥር ሰጥቶታል። ስንት ቀን ስናየው ከርመን አላስተዋልንም።

«እሱንም ቁጥር ሰጣችሁት?»

ዝም አልን።

«ስም አለው እኮ» አሉ። ስሙን ነገሩን። እዚህ አንጽፈውም።

ሌላ ማን አለው?

ሻይ ተቀዳ። አጎትየው ትንሽ ቆይተው «ይሄን ነገር ሌላ ማን አለው?» ሲሉ ጠየቁ። ማንም በነፃ ማውረድ እንደሚችል በኩራት ነገርናቸው። «እንግዲያው ከብት ሊነዳ የሚመጣውም አለው» አሉ።

ይህን የሚሉት በባዶ ሜዳ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የገቡ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልል የኑዌር መንደሮች ላይ ባደረሱት ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከ100 በላይ ሕፃናት ተወስደዋል፤ 2,000 ገደማ ከብት ተነድቷል። አገሪቱ ሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አውጃ ነበር። ከሕፃናቱ የተወሰኑት በተከታዮቹ ወራት ተመልሰዋል። እኛ ሁለቱ ያኔ ዜናውን ሰምተን አዝነን፣ በሳምንቱ ወደ ሌላ ወሬ አለፍን። ሦስተኛችን አላለፈም።

ስለዚህ የአጎትየው ጥያቄ ሁለት ጫፍ ነበረው። ያኔ እንዲህ ያለ ዓይን ቢኖር የተወሰዱትን ልጆች ዱካ ይከተል ነበር? ምናልባት። ግን ያው ዓይን ከብቱ የት እንደሚያድር፣ ስንት ልጅ ብቻውን እንደሚጠብቀው ለሌላውም ያሳያል። ማሽኑ ማን እንደነካው አይጠይቅም። የነኩትን ይከተላል፣ በቃ።

ይህ ያስጨነቀው እኛን ብቻ አይደለም። ዮሎን የፈጠረው ጆሴፍ ሬድመን ራሱ በ2020 መጀመሪያ ላይ የኮምፒውተር እይታ ምርምሩን ማቆሙን በይፋ ተናግሯል። ምክንያቱ ሥራው ለጦር መሣሪያና ለሰው ክትትል መዋሉን ከእንግዲህ ቸል ማለት ስላልቻለ ነበር። ወደ ኋላም ሂዱ፦ ያ የከብት ቀለሞችን ያስመዘገበ የኢቫንስ ፕሪቻርድ ጥናት የተጀመረው በእንግሊዝ ግብፅ ሱዳን መንግሥት ጥያቄ፣ በአብዛኛውም በዚያው መንግሥት ገንዘብ ነው። ኑዌሮችን ሊገዛ የሚታገል መንግሥት ነበር። ሰው ሊያጠናን ሲመጣ ማን ላከህ ማለት አሮጌ ጥያቄ ነው።

ሌላ ነገር እንጨምር። ማሽኑ በምሽቱ ብርሃን ላሞቹን አጥርቶ ሲያይ ልጁን ግን ሦስት ጊዜ ጠፍቶበታል። በጥቁር ቆዳ ላይ የሚሰንፉ ማሽኖች መኖራቸው አዲስ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ የሰው ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ማሽኖች ተፈትነው ነበር። ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ፣ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። አዲስ አበባ ላይ ይህን ስናነብ «ማሽኑ ሁሉንም እኩል ይይ!» ብለን ነበር የጮህነው። አጎትየው ፊት ግን ጩኸታችን ግማሽ ሆነ። ልጁን በደንብ እንዲያየው ነው የምንፈልገው፣ ወይስ ጭራሽ እንዳያየው? የልጁ ወገኖች ሳይጠየቁ ይህን እኛ አንመልሰውም።

ታዲያ እንተወው?

አንተወውም። ለምን መሰላችሁ፣ ማሽኑ በደንብ የሚያገለግልበት ቦታ እዚያው አጠገብ አለ። ነጭ ጆሮ ኮብ የሚባለው የዱር እንስሳ በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክና በደቡብ ሱዳን መካከል ፓስፖርት ሳይጠየቅ ይመላለሳል። በደቡብ ሱዳን በኩል በ2023 ከአየር ላይ የተደረገው ቆጠራ ውጤት በ2024 ይፋ ሲሆን፣ ኮቡ ብቻውን 5 ሚሊዮን፣ ከሌሎቹ ጋር 6 ሚሊዮን ገደማ እንስሳት እንደሚፈልሱ ተገምቷል። አውሮፕላኖቹ ላይ የተገጠሙት ካሜራዎች ከ330,000 በላይ ፎቶ አነሱ። ከዚያ ውስጥ 59,000 ገደማ ተመርጠው በባለሙያዎች ተመረመሩ። የቀሩትን ቆጥሮ ለመጨረስ ዕድሜ ያስፈልጋል፤ ማሽን ግን አይደክመውም። ኮብም ቁጥር 11 ስለተባለ አይከፋውም።

በኛ በኩል ያደረግነው ትንሽ ነው። ልጁን ከቪዲዮው ላይ ሸፍነን፣ የከተሉትን ሳጥኖች አጠፋን። ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ አልለጠፍነውም፤ ለዚህ ጽሑፍ ማድመቂያ እንኳ አላወጣነውም። «ላም» የሚለውን አንድ ስም ትተን አጎትየው በነገሩን ስሞች 19ኙን ከብቶች አንድ በአንድ መሰየም ጀመርን። ማሽኑ አሁንም ጭሱ ጋ ይሳሳታል። የአሁኑን ስህተቱን ግን እኛም እናየዋለን።

አንድ ነገር ሳንነግራችሁ ቀረን። ያን ማታ ልንወጣ ስንል አጎትየው «ድምፅ የለውም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ነበረው። ማሽኑ ድምፅ ስለማይፈልግ ፋይሉ እንዲቀልልን ብለን ቆርጠን ጥለነው ነበር። ከሚሞሪ ካርዱ ዋናውን ፈልገን ከፈትነው። ንፋስ፣ የከብት ደወል፣ ከዚያ የልጁ ድምፅ። ላሟ ጭሱ ውስጥ በገባችበት ቅጽበት ከፍ አድርጎ ይጣራል። አጎትየው ሳቁ፤ ጓደኛችንም ሳቀ። ለሁለታችን ተረጎመልን፦ ልጁ የሚጠራው የላሟን ስም ነው። ወደ ቀኝ ስለታጠፈችበት እየተቆጣት ነው። ቁጥር 7 ከጭሱ በስተቀኝ፣ ከካሜራው ውጭ ወጥታ ነበር።

ድሮ ነገሥታቱ የአገሩን ነገር ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እኛ በ660 ፎቶ እረኛው የት እንዳለ ስናሳድድ ከረምን። ምን እንዳለ ለመስማት ግን ድምፁን መክፈት ብቻ ይበቃ ነበር።